እትብት የታሰረበት ዛፍ

የእንጦጦን ዳገት በእግሩ የወጣ የአዲስ አበባ ተማሪ ከታይላንድ ምድር ሁሉ በላይ ቆሟል ቢባል ማጋነን አይደለም። የታይላንድ ከፍተኛ ተራራ ዶይ ኢንታኖን 2,565 ሜትር ሲሆን፣ እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ራስ ደጀንማ ከውድድሩ ውጭ ነው። በዚህም ምክንያት ወደ ሰሜን ታይላንድ የጠረፍ ተራሮች ስናቀና፣ ከደጋ አገር የመጣን ሰዎች እንደ መሆናችን፣ የተራራ ትዕይንት ብዙም አያስደንቀንም የሚል ግምት ነበረን። ግምታችን ግን ስሕተት ሆኖ ተገኘ። ተራራን ግርማ የሚሰጠው ከባሕር ወለል በላይ ያለው ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከግርጌው ሸለቆ የሚነሣበት አኳኋን ጭምር ነው። የቺያንግ ማይ ከተማ የተቀመጠችው 300 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዶይ ኢንታኖን አናት የሚጓዝ ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ከ2,200 ሜትር በላይ ይወጣል። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ረፋድ ላይ በላብ የተጠመቀ ተጓዥ ቀትር ላይ ጋቢ ይመኛል።

ከቺያንግ ማይ በስተምዕራብ፣ ወደ ምያንማር ጠረፍ፣ የሚወስደው ተራራማ መንገድ 1,864 ኩርባዎች እንዳሉት ይነገራል። እኛ ቆጠራውን ያቆምነው ገና በአርባዎቹ ላይ ነው፤ ከመካከላችን አንዱ ሆዱ ተገላብጦበት መኪናው መቆም ነበረበትና። የቆምንበትም ቦታ ለትዝብት የተመቸ ነበር። ከፊታችን ያለው ተዳፋት ልዩ ልዩ ቀለም ባላቸው ጨርቆች የተጣፈ ልብስ ይመስላል። አንዱ ጥፍ በቅርቡ ተመንጥሮ የደረቀ ቅርንጫፍ ተኝቶበታል፤ አጠገቡ ያለው በቁጥቋጦ ተሸፍኗል፤ ቀጥሎ ያለው ቀጭን ዛፎች አብቅሏል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታያል። አብሮን የነበረው መንገድ መሪ፣ የካሬን ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፣ ይህ ሁሉ የአንድ መንደር ማሳ መሆኑን ነገረን። ደኑም ጭምር ነውን? ብለን ጠየቅነው። ደኑ የመንደሩ መጠጥ ውኃ የሚመነጭበት በመሆኑ እንደማይነካ፣ ከደኑ በታች ያለው ግን በሙሉ ማሳ እንደሆነ አስረዳን። ዛፍ የበቀለበትን መሬት ማሳ ብሎ መጥራት ለጆሮአችን እንግዳ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ከዚሁ እንግዳነት ይጀምራል።

አስቀድመን ግን ስለ ተራሮቹ አፈጣጠር ጥቂት እንበል። የኢትዮጵያ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከከርሰ ምድር በፈሰሰ ቅልጥ አለት፣ ማለትም በባዛልት ንብርብር፣ የተገነባ ነው፤ የብዙዎቹ አምባዎቻችን አናት ገበታ የሚመስለውም ለዚህ ነው። የሰሜን ታይላንድ ተራሮች ግን የዛሬ ቅርጻቸውን ያገኙት ከመላተምና ከመጨመቅ ነው። የሕንድ ምድር ከ50 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ጀምሮ ከእስያ ጋር በመጋጨቱ በሰሜን በኩል ሂማላያ ሲነሣ፣ በስተምሥራቅ የነበረው ምድር ተሰነጣጠቀ፣ ተንሸራተተም። ሸንተረሮቹ በአመዛኙ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉት፣ እንደ ሳልዊንና ሜኮንግ ያሉ ታላላቅ ወንዞችም በመካከላቸው የሚፈስሱት በዚህ የተነሣ ነው። ዶይ ኢንታኖን በግራናይትና ከእርሱ ጋር በተዛመዱ በሙቀትና በግፊት በተለወጡ አለቶች የተሠራ ነው። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ ዶይ ቺያንግ ዳው፣ ከ250 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ ከተጠራቀመ የኖራ ድንጋይ የቆሙ ናቸው። የዝናብ ውኃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ስለሚሆን፣ ይህን ድንጋይ ቀስ በቀስ እያሟሟ ዋሻ ይፈለፍልበታል። ሶፍ ዑመርን ያየ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወደ ዋሻው ጉዳይ ኋላ እንመለስበታለን።

ታይላንዳውያን የእነዚህን ተራሮች ነዋሪዎች በጥቅሉ ቻው ካው፣ የተራራ ሰዎች፣ ይሏቸዋል። ስያሜው አንድ ይሁን እንጂ ሕዝቦቹ ብዙ ናቸው። በቁጥር የሚበልጡት ካሬኖች ሲሆኑ፣ ህሞንግ፣ ላሁ፣ አካ፣ ሊሱ፣ ሚየንና ሉዋ ከሚታወቁት ውስጥ ይገኛሉ። የካሬን፣ የአካ፣ የላሁና የሊሱ ቋንቋዎች ከቲቤትና ከበርማ ቋንቋዎች ጋር ይዛመዳሉ፤ ህሞንግና ሚየን የራሳቸው ቤተሰብ አላቸው፤ የሉዋ ቋንቋ ከካምቦዲያው ክመር ጋር የሩቅ ዘመድ ነው፤ የታይላንድ ብሔራዊ ቋንቋ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። በአንድ የገበያ ቀን አራት የቋንቋ ቤተሰቦች በአንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ ማለት ነው። ሉዋዎች ከታይ ተናጋሪዎች በፊት በአካባቢው የነበሩ ናቸው፤ አካዎች ግን ከደቡብ ቻይና በበርማ በኩል አልፈው ታይላንድ የገቡት በሃያኛው መቶ ዘመን መግቢያ አካባቢ ነው። ስለ አካዎች አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ለሚያኮራን ለእኛ፣ ከሃምሳ ትውልድ በላይ የአባቶቹን ስም በቃሉ የሚያወርድ የአካ አዛውንት መኖሩ አስደናቂ ነው። ብልሃቱ በስም አወጣጡ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የአባት ስም የመጨረሻ ክፍለ ቃል የልጁ ስም መነሻ ስለሚሆን፣ ዝርዝሩ እንደ ሰንሰለት ይያያዛል። መጽሐፍ ያልነበረው ሕዝብ ታሪኩን የሚያኖርበት መዝገብ ይህ ነበር።

ያደርንበት የካሬን መንደር ሠላሳ ያህል ቤቶች አሉት። ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከሥራቸው አሳማና ዶሮ ይውላል። በማግስቱ ማለዳ አንድ አዛውንት ከመንደሩ ጀርባ ወዳለው ጫካ ወሰዱንና በአንድ ዛፍ ግንድ ላይ የታሰረ፣ ያረጀ ትንሽ የቀርከሃ ቀፎ አሳዩን። በካሬን ባህል ሕፃን ሲወለድ እትብቱ በቀርከሃ ውስጥ ተደርጎ ከዛፍ ጋር ይታሰራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ዛፍ የልጁ ነው፤ ማንም አይቆርጠውም፤ ዛፉ ቢጎዳ ልጁም ይጎዳል ተብሎ ይታመናል። አስተርጓሚያችን ይህን ሲነግረን እርስ በርስ ተያየን። በእኛም ቋንቋ የትውልድ አገር እትብት የተቀበረበት ምድር ነውና። አዛውንቱ የራሳቸውን ዛፍ ካሳዩን በኋላ፣ ማሳውን ልናይ መሄዳችንን ሲሰሙ፣ ዱላቸውን አንሥተው ከፊታችን ቀደሙ።

ማሳው የተመነጠረው በየካቲት ነበር። ቅርንጫፉ ደርቆ ለቃጠሎ እየተጠበቀ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ዓይናችን ያረፈው በጉቶዎቹ ላይ ነበር። የእኛ አገር ገበሬ ለሞፈሩ ሲል ጉቶ ይነቅላል፤ እዚህ ግን ዛፉ የተቆረጠው ከጉልበት እስከ ወገብ ቁመት ላይ ሲሆን፣ ሥሩ አልተነካም። በተዳፋቱ ላይ ማረሻ አይገባም። በግንቦት ዝናብ ሲጀምር ወንዶች በሹል እንጨት አፈሩን እየወጉ ይቀድማሉ፣ ሴቶች ደግሞ በየጉድጓዱ የሩዝ ዘር እየጣሉ ይከተላሉ። ሩዙ ውኃ የተኛበት መደብ የማይፈልግ፣ በዝናብ ብቻ የሚበቅል ዓይነት ነው። በመካከሉ ዱባ፣ ኪያር፣ ቃሪያ፣ ሰሊጥ፣ ባቄላ መሰል ጥራጥሬና ጎደሬ ይዘራል። መከሩ በጥቅምትና በኅዳር ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ማሳው ይተዋል፤ ቤተሰቡ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ጥፍ ይሻገራል፤ ወደዚህኛው የሚመለሰው ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከየጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ ሕያው ስለሆነ ጫካው ከዘር ሳይሆን ከግማሽ መንገድ ይጀምራል፤ አፈሩንም ያው ሥር አቅፎ ይይዘዋል።

ለመሆኑ ማቃጠሉ ለምን አስፈለገ? የሞቃት አካባቢ ተራራማ አፈር በአብዛኛው በዝናብ የታጠበና አሲዳማ ነው። በደን ውስጥ ያለው የምግብ ንጥረ ነገር የሚከማቸው በአፈሩ ሳይሆን በዛፉ ግንድ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል ውስጥ ነው። እሳት ይህን ጎተራ በአንድ ቀን ይከፍተዋል። ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና አብዛኛው ፎስፈረስ በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱም የአፈሩን አሲድነት ያለዝባል፤ የአረም ዘርና ተባይ ይነዳል። ናይትሮጅንና ሰልፈር ግን በብዛት በጭስ መልክ ያመልጣሉ። ስለዚህ እሳት ኪሳራም አለበት። ኪሳራውን የሚተካው ዕረፍቱ ነው፤ በዕረፍቱ ዓመታት ረቂቅ ተሕዋስያንና ናይትሮጅንን ከአየር የሚያስሩ ዕፅዋት ጎተራውን መልሰው ይሞላሉ፤ የዛፎቹ ጥላም አረሙን ያዳክማል። የዚህ እርሻ ዋናው መሣሪያ እሳቱ ሳይሆን ጊዜው ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንድ ሄክታር ቢዘራና እያንዳንዱ ማሳ ሰባት ዓመት ቢያርፍ፣ ቤተሰቡ የሚያስፈልገው ስምንት ሄክታር ነው። ከማንኛውም መንገድ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው አንዱን ሄክታር ታርሶ፣ ሰባቱን ባዶ ሆነው ያያቸዋል። ባለሥልጣን መጥቶ ከስምንቱ አምስቱን ቢከልልበት ቤተሰቡ በሦስት ሄክታር ላይ ይዞራል፤ ዕረፍቱም ወደ ሁለት ዓመት ይወርዳል። በሁለት ዓመት ጉቶው በቂ ቅርንጫፍ አያወጣም፤ አመዱ ያንሳል፤ አረሙ ይበዛል፤ ምርቱ ይወድቃል። ያን ጊዜ ተመልካቹ ዘዴው አፈር እንደሚያጠፋ ማስረጃ አገኘሁ ይላል። ሃሮልድ ኮንክሊን እ.ኤ.አ. በ1957 ስለ ፊሊፒንስ ሃኑኖዎች ባሳተመው ጥናት፣ ፒተር ኩንስታድተርም ከ1960ዎቹ ጀምሮ በእነዚሁ የሉዋና የካሬን መንደሮች ባካሄደው ምርምር፣ እንዲህ ያለው እርሻ የዘፈቀደ ጥፋት ሳይሆን ሥርዓት ያለው አሠራር መሆኑን አሳይተዋል። በአገራችን ምዕራባዊ ጠረፍ የሚኖሩት የማጃንግና የጉሙዝ ገበሬዎችም ማሳ እያሳረፉ የሚያርሱ በመሆናቸው፣ ነገሩ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የታይላንድ ቋንቋ ለዚህ ሁለት ቃላት አሉት። ራይ ሙን ዊያን፣ የሚዞር ማሳ፣ አንዱ ነው፤ ሌላው ራይ ሉዋን ሎይ፣ የሚንሳፈፍ ማሳ፣ ነው። የመጀመሪያው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሁለተኛው ተንሳፍፎ ይሄዳል። ቀደም ባለው ዘመን አንዳንድ ሕዝቦች መሬቱ እስኪደክም ለተከታታይ ዓመታት አርሰው መንደራቸውን ነቅለው ይሄዱ እንደነበር መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ ሁለቱን በአንድ ስም፣ በሁለተኛው ስም፣ ይጠሩ ነበር። የእኛም ቋንቋ ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለም፤ ያልታረሰ መሬት ጦም አደረ እንላለን፤ ጦም ማደር ደግሞ መራብ እንጂ ማረፍ አይደለም።

ስሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው የታይላንድ የደን ሕግ ደን ማለት ማንም በመሬት ሕግ መሠረት ያልያዘው መሬት ነው ይላል። በዚህ ትርጓሜ ደን ለመባል ዛፍ እንኳ አያስፈልግም፤ ሰነድ አለመኖሩ ይበቃል። ሰባቱ ያረፉ ሄክታሮች በአንድ ጊዜ የመንግሥት ደን ሆኑ፤ ባለቤቶቻቸውም በሕግ ፊት ደን ገብ ሆኑ። ብሔራዊ ፓርኮች ሲከለሉም በርካታ መንደሮች ከነማሳቸው በክልሉ ውስጥ ቀሩ። ደኑን በመጋዝ የጨረሱት ፈቃድ የነበራቸው የእንጨት ቆራጮች ጭምር መሆናቸውን ግን ማስታወስ ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 በደቡቡ ክፍል የደረሰው ከባድ ጎርፍ ብዙ ሰው ከገደለ በኋላ ነው በጥር 1989 በተፈጥሮ ደን እንጨት መቁረጥ የታገደው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2010 የካሬኖችን አኗኗር፣ የዙር እርሻቸውንም ጭምር፣ ለመጠበቅ የካቢኔ ውሳኔ አሳልፏል። ውሳኔው ግን ሕጉን የሚሽር አልነበረም።

ጭሱን በተመለከተ ደግሞ ራሳችን ተጎድተን ስለመጣን ዝም አንልም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የቺያንግ ማይ ሰማይ ይቀላል፤ ዓይን ያቃጥላል፤ ከተማዋ በአንዳንድ ቀናት በአየር ብክለት ከዓለም ከተሞች ቀዳሚውን ሥፍራ ትይዛለች። ለጤና እጅግ አደገኛ የሆኑት ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆኑት ብናኞች ናቸው፤ የሰውን ጠጉር ውፍረት ለሠላሳ ያህል ብንከፍለው እነርሱን እናገኛለን። ከተማዋ በተራሮች በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ስለምትገኝ፣ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከሥር ይተኛል፣ ሞቃቱ አየር ከላዩ እንደ ክዳን ይደፋበታል፤ ጭሱም መውጫ ያጣል። ተጠያቂ ሲፈለግ ጣት የሚቀሰረው ወደ ተራራው ሰው ነው። ዛሬ ከሚነሣው ጭስ ውስጥ ግን የደን ሰደድ እሳት፣ ለእንስሳት መኖ በሰፊው የሚዘራው በቆሎ ገለባ፣ በሸለቆው የሚቃጠለው የሩዝ ገለባ፣ ከምያንማርና ከላኦስ ጠረፍ ተሻግሮ የሚመጣውም አለበት። የጭስ ደመና ፓስፖርት አይጠየቅም።

ከካሬኖች መንደር ተነሥተን ወደ ቺያንግ ራይ ስናልፍ ገበታው ተለወጠ። ዶይ ቻንግ በተባለው ተራራ ላይ የአካና የሊሱ መንደሮች በቡና ተክበዋል። እዚህ ከፍታ ላይ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ፣ ቀድሞ የሚበቅለው ኦፒየም የሚገኝበት አበባ ነበር። ታይላንድ ኦፒየምን እ.ኤ.አ. በ1959 ከለከለች፤ ክልከላው ብቻውን ግን የተራራውን ሰው ሆድ አልሞላም። ኦፒየም ክብደቱ አነስተኛ፣ ዋጋው ከፍተኛ፣ የማይበላሽ ነበር፤ መኪና ከማይደርስበት መንደር በበቅሎ ጀርባ ይወጣል። ጎመን ግን መንገድ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በንጉሥ ቡሚፖል የተጀመረው ንጉሣዊ ፕሮጀክት፣ በ1988 የንጉሡ እናት በዶይ ቱንግ የጀመሩት ሥራም፣ ችግኝ ብቻ ሳይሆን መንገድና ገበያ ይዘው የመጡት በዚህ ምክንያት ነው። አረቢካ ቡናም ቀዝቀዝ ያለውን የዚያን አበባ ከፍታ የሚወድ ስለሆነ ቦታውን ወረሰ። በአንድ የአካ ቤት በረንዳ ላይ የቀረበልን ስኒ ከካፋና ከአካባቢው ደኖች በየመን በኩል ወጥቶ ዓለምን የዞረው ተክል ሩቅ ልጅ ነው። ይህን ለባለቤቲቱ ስንነግራቸው ሳቁና ሁለተኛ ስኒ ቀዱልን፤ አቦልና ቶና ብለን ቆጠርን፤ በረካውን መንገዳችን ከለከለን። ከኢትዮጵያ የወጣው አረቢካ ከጥቂት ተክሎች የተራባ በመሆኑ የቅጠል ዋግ በቀላሉ ያጠቃዋል፤ በታይላንድ በብዛት የሚተከለው ካቲሞር የተባለው ዝርያ ዋጉን እንዲቋቋም በቲሞር ደሴት ከተገኘ ድቅል የተወለደ ነው። የዶይ ቻንግ ቡና እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ ኅብረት የቦታ ስም ጥበቃ አግኝቷል። ልብ ያልነው ሌላም ነገር አለ። የቡና ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይታያል፤ መሬቱ አያርፍም፤ ማንም ባዶ ነው ሊለው አይችልም። በአንጻሩ ቤተሰቡ ሩዙን ከገበያ ይገዛል፤ የቡና ዋጋ ሲወድቅ ጎተራው ውስጥ የሚቆጠር ነገር የለም።

የመጨረሻ መድረሻችን የሜ ሳይ ጠረፍ ነበር። ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ የተኛች ሴት የሚመስል ሸንተረር አለ፤ ከሥሩም አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የታም ሉዋንግ ዋሻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2018 አሥራ ሁለት ታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾችና ረዳት አሠልጣኛቸው እዚህ ገብተው ውኃ ዘጋባቸው። የኖራ ድንጋይ ተራራ እንደ ወንፊት ነውና ላዩ ላይ የዘነበው በየስንጥቁ ወደ ዋሻው ይወርዳል። ሐምሌ 2 ቀን በሕይወት ተገኙ፤ ከ8 እስከ 10 ባሉት ቀናት በጠላቂዎች ወጡ፤ ሳማን ጉናን የተባለ የቀድሞ የባሕር ኃይል ጠላቂ ግን በዚያው ሕይወቱን ሰጠ። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን በተከታተለው በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙዎች ያላስተዋሉት ነገር ነበር፤ አሠልጣኙና ከልጆቹ ሦስቱ የየትኛውም አገር ዜጋ አልነበሩም። የታይላንድ ዜግነት የተሰጣቸው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነው። በጠረፍ ተራሮች ላይ ይህ ዓይነቱ ዕጣ የተለመደ ነው። ወላጆቹ በቆጠራ ያልተመዘገቡ፣ ወይም ከድንበሩ ማዶ የመጡ ሰው፣ በዚያው ተወልዶ፣ በዚያው ተምሮ፣ ከአውራጃው ለመውጣት ፈቃድ ይጠይቃል፤ መሬት በስሙ አይዝም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የታይላንድ ካቢኔ 483,000 ለሚሆኑ ዜግነት ለሌላቸው ነዋሪዎች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድና የዜግነት ጥያቄ የሚፋጠንበትን አሠራር አጽድቋል።

ስለ ጎብኚዎች፣ ስለ ራሳችንም ጭምር፣ አንድ ቃል እናክል። በአንገታቸው የናስ ቀለበት የሚደረድሩ የካያን ሴቶችን ለማየት መግቢያ የሚከፈልባቸው መንደሮች አሉ። ቀለበቱ አንገት አያስረዝምም፤ የሚያደርገው ትከሻንና የላይኛውን የጎድን አጥንት ወደ ታች መጫን ነው። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከምያንማር የተሰደዱ ናቸው። በኦሞ ሸለቆ ለአንድ ፎቶግራፍ ይህን ያህል ብር ተብሎ ሲከፈል ያየ ሰው የሚሰማውን ስሜት ያውቀዋል። እኛ ወደዚያ አልገባንም፤ ይህም ከትሕትና ይልቅ ከጊዜ ማነስ የመጣ መሆኑን አንደብቅም።

በካሬኖች መንደር ካደርን በኋላ ከመሰናበታችን በፊት፣ የአዛውንቱን የልጅ ልጅ አየን፤ ገና አራት ወሯ ነው። በየትኛው ዛፍ ላይ እንደታሰረች ጠየቅን። እናቲቱ ሕፃኗ የተወለደችው በሸለቆው ሆስፒታል በመሆኑ እትብቷ እዚያው እንደቀረ ነገረችን። ከዚያም ወደ ጓዳ ገብታ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ከጣሪያው ሥር አውጥታ አሳየችን፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። አዛውንቱ ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው ያዙት፤ ማንበብ አይችሉምና የማኅተሙን ክብ በጣታቸው ዞሩበት፤ መልሰውም ለእናቲቱ ሰጧት። ከዚያ የመጣንበትን መንገድ ሲሸኙን፣ ከጫካው ዳር ካሉት ወጣት ዛፎች አንዱን እያሳዩ፣ ይህ ለእርሷ እንዲሆን የተተወ እንደሆነ ነገሩን። ግንዱ ላይ ምንም አልታሰረም።